ሁለተኛው ረድፍ፣ አንደኛው ዓምድ

ቢያድግልኝ ዛሬ የተወለደበት ቢቸና ተመልሶ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ለደብዳቤ ቁጥር ይሰጣል። ድሮ ሞጣ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ነበር። ባሕር ዳር አሥር ቀን ሠልጥኖ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጻፍ ከተማረ ወዲህ ኩራት ቢጤ ገብቶት ነበር።

በ2005 ሐምሌ መግቢያ ላይ በረዶ ወረደና የአራት ቀበሌ ጉዳት ተጠየቀ። ቀበሌዎቹ በረድፍ፣ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በዓምድ። ቢያድግልኝ አሥራ ሁለቱን ቁጥር ከወረቀቱ ወደ ጎን እያነበበ በተራ ጻፈና ማትሪክስ፣ ባለ ረድፍና ዓምድ ሰንጠረዥ፣ አድርገው ብሎ ፕሮግራሙን አዘዘ። እንደ መሥሪያ ቤቱ ልማድ ባልደረባው ወይንእሸት ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበች፤ እሱ በጻፈው ዝርዝር ላይ ምልክት አደረገ። ድምሩም ልክ መጣ። ማኅተም ተመታ፤ ለተጎዱት መተኪያ የመጣው የጤፍ ዘር በሰንጠረዡ መሠረት ተደለደለ።

በሳምንቱ ከሁለተኛው ቀበሌ ገበሬው አያ ሰጠኝ መጡ።

«አምስት ሄክታር ነው ያላችሁን? ሁለት መቶ አሥር ሄክታር ጤፍ ነው የተኛብን! አራተኛው ቀበሌ በረዶውን የሰማው በወሬ ነው፤ ዘሩ ግን በመኪና ተራገፈለት።»

«ቆይ አያ፣ አሁኑኑ አሳይዎታለሁ።» ሁለት፣ አንድ ብሎ ጻፈ፤ ሁለተኛ ረድፍ፣ አንደኛ ዓምድ። አምስት። አራት፣ አንድ። ሁለት መቶ አሥር።

«ይኸው! የእኛን ለብሰውት!»

ያኔ ገባው። ፕሮግራሙ በረድፍ ሙላ ካልተባለ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሞላው። አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ነበሩ። ውሸትንስ ሰው ይጠረጥረዋል፤ ቦታውን የሳተ እውነትን ግን ማን ይጠረጥራል?

«እስከ ፍልሰታ ካልዘራን አበቃልን፣ ልጄ» አሉ አያ ሰጠኝ። ስድስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ኃላፊው ውበቴ ሰንጠረዡን አየና ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ማኅተም ያረፈበትን? አንተ ሰውዬ፣ የሁላችንን እንጀራ ልትዘጋ ነው? ለከርሞ ታስተካክለዋለህ።»

«ለከርሞ በረዶው ይመለሳል እንዴ?»

«አፍህን ያዝ!»

ቢያድግልኝ ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ ጻፈና የበላይ ቢሮ ድረስ ራሱ አደረሰው። ይጣራ ተባለ። ፍልሰታ ገባ፣ ወጣ፤ ሲጣራ ነበር። ጥፋቱን ያመነው እሱ ስለሆነ ወደ ቢቸና መዝገብ ቤት ዝውውሩ ፈጥኖ ተጻፈ፤ ዘሩ ግን መስከረም ላይ ደረሰ።

ቢያድግልኝ ዘሩን ከጫነው መኪና ጋር አብሮ ሄደ። አያ ሰጠኝ አንዱን ጆንያ ፈተው እጃቸውን ከተቱ፤ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት።

«ጥሩ ዘር ነው» አሉ፤ ወደ ቤት ዞረውም ሚስታቸውን ተጣሩ፦ «ካሰች! ነይ ውሰጂው፤ ይፈጭ።»