ጥንቸሏ የወሰደችብኝ ቦታ

ልጅ ሳለሁ፣ ከበየዳ ለትምህርት መጥቼ ደባርቅ አያቴ ቤት ስኖር፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ አያቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ገና ያልለቀቀውን ፍም ፊታቸው አድርገው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኔም እግራቸው ሥር ተኮራምቼ ጎረቤት እስኪሰማ «የላም በረት» እላለሁ። ጅቡ ላይ ሲደርሱ እንደ ጅብ ይጮሁ ነበር። ያንን ጩኸት በምንም አልለውጠውም ነበር።

ታዲያ አጎቴ ከጎንደር በካርቶን ነጭ ጥንቸል ይዞ መጣ። ጎረቤቶቻችን ሳቁ፤ ሥጋዋ የማይበላ፣ የማትታለብ፣ ቤት የማትጠብቅ ምን ልታደርግ መጣች አሉ። እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። እሷ ግን ካርቶኑ ጥግ ተለጥፋ፣ ጎኗ እየተርገበገበ፣ ጎመን እንኳ አልቀምስ አለች።

አያቴ ዕድሜያቸውን በአካባቢው የዱር እንስሳት ፓርክ ጠባቂነት ስላሳለፉ፣ የፈራ እንስሳ ትኩር ብለው ሲያዩት ይብስበታል ይሉ ነበር። ስለዚህ ጀርባቸውን ለካርቶኑ ሰጥተው፣ ድምፃችንን እንድትለምድ ብለው፣ ተረቱን እሷ አጠገብ በለሆሳስ ማውራት ጀመሩ። ጅቡ መጮህ ተወ። እንዳላስደነግጣት እኔም «የላም በረት» ማለት ተከለከልኩ። ተረቱ ሲያልቅ ለስላሳውን የጎመን ቅጠል መርጠው ቀስ አድርገው ወደ እሷ ይገፉላታል።

ቀናሁ። ጆሮዋ ስለረዘመ ነው እንዴ ተረቱ ለእሷ የሆነው፣ የእኔስ ጆሮ አይሰማም ወይ እያልኩ ጎንደር በተመለሰች ብዬ እመኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን አልቻልኩም።

«አባባ፣ ተረቱ እኮ የእኔ ነበር» አልኳቸው፤ እንባዬ ቀደመኝ።

አያቴ ፍሙን ቆስቆስ አደረጉ።

«አንቺስ ከበየዳ የመጣሽ ሰሞን ካልጋ ሥር አልወጣም ብለሽ አልነበር? ያኔም ጀርባዬን ሰጥቼሽ፣ እንዲሁ በዝግታ ነበር ሳወራልሽ የማመሸው። ጅቡን ያስጮኽሁት ከለመድሽ ወዲያ ነው፣ የኔ ልጅ።»

እኔ ረስቼው ነበር። የወለሉ ቅዝቃዜና ካልጋው ሥር ሆኜ ያየሁት የጋቢያቸው ጥለት ብቻ ቀስ እያለ ትዝ አለኝ። አያቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተረት ተረት» ብለው የእኔን መልስ ጠበቁ። በሹክሹክታ «የላም በረት» አልኩ። ከኋላቸው ካርቶኑ ኮሽ አለና የጥንቸሏ አፍንጫ ብቅ አለ።

ዛሬ እኔም ቤት ለትምህርት ከገጠር አዲስ የዘመድ ልጅ ሲመጣና ጥግ ሲይዝ አላባብለውም፤ ፊቴን ዞር አድርጌ ተረቴን በዝግታ እጀምራለሁ። ከአያቴ የቀረልኝ ይህ ነው። ያኔ ጥንቸሏም ውላ አድራ ለመደች። ጅቡ እንደገና ሲጮህ እንኳ ንቅንቅ ሳትል፣ አያቴ እግር ሥር ተጋድማ ትሰማ ነበር። እሱ ቦታ ግን የእኔ ነበር፤ እውነት ለመናገር አሁንም ይቆጨኛል።