በአንድ ክፍል ሁለት ሰሌዳ

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ወዲህ ልጁን ቤት የሚያስቀር ወላጅ ጠፋ። ከታቦር ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች፣ ከቱላ የገበሬ መንደሮች ሳይቀር ልጆች ጎረፉ። በሁለት ፈረቃ ብናስተምርም አልበቃ አለ። በዚያ ላይ ቀበሌው አንዱን ክፍል ለስብሰባ ወሰደብን። ዳይሬክተሩ እኔንና ሌላዋን የሦስተኛ ክፍል መምህርት ጠርቶ በአንድ ክፍል እንድናስተምር አዘዘና ሄደ።

ሁለት ሰሌዳ ተሰቀለ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ተማሪዎቻችን ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። እኔ ማካፈል ሳስተምር እሷ በኅብረት ታስነብባለች። ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሷ ትብስ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እርስዎ" እላት ነበር፤ በወሩ አንቱታውን አነሳሁባት። እሷም ጠመኔዬን መደበቅ ጀመረች።

ኅዳር ላይ ዳይሬክተሩ ከቱላ የመጣች አንዲት ልጅ ይዞ ገባ። ከሁለታችን አንዳችን እንድንመዘግባት ነግሮን ወጣ። የእኔ ክፍል ሞልቷል ብዬ ወደ ባልደረባዬ ላክኋት። እሷም ወደ እኔ መልሳ ላከቻት። ልጅቷ ግራ ሲገባት ድንጋይ አምጥታ መሐል ላይ ተቀመጠች፤ አንዳንዴ ወደ እኔ፣ አንዳንዴ ወደ እሷ ትዞራለች። አየናት፤ ማስተማራችንን ቀጠልን። ማን ቀድሞ ይሸነፍ?

የግማሽ ዓመት ፈተና ሲደርስ ልጅቷ ወረቀቷን ለእኔ ሰጠች። የባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ተመልሶ የእኔ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ካርድ ሲታደል ለልጅቷ ካርድ አልነበረም።

በነጋታው አባቷ ይዟት መጣ። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ቃሉ ግልጽ ነበር።

"ከሁለታችሁ የልጄ አስተማሪ የትኛዋ ናት?"

"ስሟ እኔ መዝገብ ላይ የለም" አልኩት።

"እኔም ጋ የለም" አለች ባልደረባዬ።

በዚያ ዓመት የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። ሰውየው ልጁን በሲዳምኛ አንድ ነገር አላት፤ ደብተሯን አነሳች። በሩ ላይ ሲደርሱ ባልደረባዬ ካርድ እንደምትሠራላት ተናገረች።

"እኔ ስለመጣሁ ነው?" አላትና ሄደ።

ከዚያ ተማሪዎቹ ፊት ተሰዳደብን። እኔ እሷን ጨካኝ አልኳት፤ እሷ እኔን ልጆች የማትወድ ደመወዝተኛ አለችኝ። ዳይሬክተሩ ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ልጅቷን ያመጣት እሱ መሆኑን ግን አላነሳም።

ያን ዕለት የልጅቷን ወረቀት አረምኩት። ከተማሪዎቼ ከብዙዎቹ ትበልጥ ነበር። የቱላን ልጆች ስጠይቅ አባቷ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳስገባት ነገሩኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ እንዳጣራ ልቤ አልፈቀደም።

በዓመቱ ወላጆች እንጨትና ጭቃ አዋጥተው ተጨማሪ ክፍሎች ሠሩ፤ ተለያየን። ባልደረባዬ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሰላም አልተባባልንም። ስትሸኝ ለስጦታ አዋጡ ሲሉኝ አዋጣሁ፤ ግብዣው ላይ ግን አልተገኘሁም።