የጎብዬዋ ሲቲ በቡና ጆንያ ላይ

የሲቲ ልጆች እናታችንን እንዴት አወቅሻት ሲሉኝ የምነግራቸው ይህንኑ የመኪናውን ነገር ነው። ጊዜው ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት መጨረሻው ላይ ይመስለኛል።

እኔ የዋድላ ልጅ ነኝ፤ ገብስና ባቄላ እንጂ ማሽላ ማሳው ላይ ቆሞ አይቼ አላውቅም ነበር። ባሌ አያሌው አላማጣ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ሊወስደኝ መጣ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶብኛል። የቀመስኩት ሁሉ ይመለስ ነበር፤ ወልድያ ስንደርስ ውሃ እንኳ እንቢ ካለኝ ሁለት ቀን ሆኖኛል።

ከወልድያ በጭነት መኪና፣ ከቡና ጆንያ ላይ ወጥተን ተነሣን። ናፍጣው ሸተተኝና ጎብዬ እስክንገባ ሾፌሩ ደምሴ ሦስት ጊዜ ቆመልኝ። ጎብዬ ላይ አያሌው ቆረጠ፤ ቆቦ ስንደርስ ወደ ወልድያ በሚመለስ መኪና እናቱ ዘንድ ሊልከኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እጁ ላይ እንዳልሞትበት ፈርቶ ነው። እኔ ግን አማቴን አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛው ሲወርድብኝ፣ የዚህች ማሕፀን አይዝም፣ ሌላ ፈልግ ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከተመለስኩ በዚያው ቀረሁ ማለት ነው።

ሲቲ የተሳፈረችው እዚያው ጎብዬ ነው። ረጅም ሴት፣ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት፣ አንድ እቅፍ አገዳ ይዛ። ገና ሳትቀመጥ ኑሮዋን ሁሉ ነገረችን፦ ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፣ ማሳዋን እያሳረሰች አራት ልጅ ማሳደጓን፣ አሁን ዋጃ የወለደች ልጇን ልትጠይቅ መሄዷን። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና ስንት ወርሽ ነው አለችኝ። አገዳውን በጉልበቷ ሰብራ፣ ቅርፊቱን በጥርሷ ልጣ አንድ አንጓ ዘረጋችልኝ። ጥንቅሽ ነው አለችኝ።

አያሌው እጄን ያዘው። እኛ ደጋ ላይ እንደምናውቀው ንዳድ የሚይዘው ቆላ ወርዶ አገዳና እሸት የበላ ሰው ነው። የአጎቴ ልጅ ለአጨዳ ወርዶ በዚያው ነው የቀረው። አያሌው ይህንኑ በትሕትና ነገራት። ሲቲ አልተቆጣችም።

«ንዳዱ ይመጣም እንደሆን፣ ላይመጣም እንደሆን፣ አላህ ነው የሚያውቅ» አለችው። «ይህች ልጅ ግን የምትደርቀው ዛሬ ነው።»

እኔ ተቀበልኳት። ነከስኩት፤ የቀረው ቅርፊት ከንፈሬን ቢቆርጠኝም ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ምን ልበል፣ እንደ ዝናብ ውሃ ማር ጠብ ያለበት። ሁሉንም አኝኬ ዋጥኩት።

«ገለባውን ትፊው እንጂ» አለች ሲቲ። «እንዲህ የምትውጠው ፍየሌ ናት።»

ከጆንያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ ሁለተኛውን አንጓ ውሃውን እየመጠጥኩ ገለባውን ተፋሁ። ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ እኔ ግን የማዳምጠው ሆዴን ነበር። አያሌው አፌን አፌን ያየኛል። ቆቦ ደረስን፤ የመጠጥኩት አልተመለሰም።

ገበያው ዳር ፊቱን ወደ ወልድያ ያዞረ መኪና ቆሟል። አያሌው ጓዜን ይዞ ዘሎ ወረደና እጁን ዘረጋልኝ።

«አልወርድም» አልኩት። ወደ ሲቲ ዞሬም «አንድ ይጨምሩልኝ» አልኳት፤ ያኔ አንቱ ነበር የምላት።

አያሌው ከታች እንደቆመ ቀረ። ደምሴ ከጋቢናው ወጣ ብሎ፣ ወንድሜ፣ መንገዱ ይመሽብናል አለው። ሲቲ እጇን ሰደደችና ጓዙን ከእጁ ተቀበለችው። እሱም ተመልሶ ወጣ፤ አጠገቤ ተቀምጦ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁት። ሲቲ ዋጃ ላይ ስትወርድ የቀረውን አገዳ ትታልን ሄደች።

አላማጣ ገብተን አንድ ሳምንት ሙሉ ብርድ ብርድ ይለኝ እንደሆን ጠበቅሁ። ምንም አላለኝም። ንዳድስ የያዘኝ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ነው።

ሚያዝያ ላይ ልጄን ሙላውን በደኅና ተገላገልኩ። አያሌው መኪና ተሳፍሮ ጎብዬ ሄዶ ነገራት። በማግሥቱ መጣች። ልጁን ከማየቷ በፊት እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወፍረሻል፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።