ሰንጋ መራጩ አባቴ

አባቴ ኤርካሎ፣ ሶዶ ከተማ ላይ ሰንጋ በመምረጥ የታወቀ ሰው ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ሰፈሩ ለቅርጫ የሚታረደውን በሬ ያለ እሱ አይገዛም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይናገራል፣ ጎኑን ዳብሶ ስቡን ይለካል፣ አረማመዱን አይቶ "ይሄ ጉበቱን ታሟል፣ ተዉት" ይላል። ሌላ ሰው ገዝቶ ሲያርደውም እንዳለው ይገኛል። እንዲህ ከብት የሚያውቅ ሰው ሁለት ልጆች ነበሩት፤ እነሱን ግን አላወቀም።

አንዷ እኔ ነኝ፣ ሳምራ። ቤሌ ከተማ ነርስ ነኝ። ነፍሷን ይማርና እናቴ "አንቺ ልጅ፣ መርፌ የምትወጊው በእጅሽ ሳይሆን በአፍሽ ነው" ትለኝ ነበር። በሽተኛ "እድን ይሆን?" ብሎ ሲጠይቀኝ "መድኃኒቱን ከዋጥክ" ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሜ ማቲ ነው። ማቲ አፉ ቅቤ ነው። አባቴ ጋ ሲደውል "አባዬ፣ ድምፅህን ካልሰማሁ ቀኑ አይነጋልኝም" ይላል። እኔ ስደውል "ክኒንህን ዋጥክ?" እላለሁ። ማንኛችንን መውደድ እንደሚቀል እናንተው ፍረዱ። እኔ እሱን ብሆን ማቲን እመርጥ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጊፋታ ነው። አባቴ እንደ ልማዱ ከጎረቤቶቹ ጋር ገበያ ወርዶ አንድ ቀይ ሰንጋ መረጠ። ሲታረድ ሥጋው ጅማት ብቻ ሆነ፤ ከእኔ ጋር አንደኛ ክፍል የገባ በሬ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤታችን ጋሽ አምባቸው አኝከው አኝከው አልዋጥ ሲላቸው፣ "ዘንድሮ ያረጀው በሬው ነው ወይስ እኛ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

እኔ ለበዓሉ ከቤሌ መጥቻለሁ። ገና በር ላይ ሰላም ስለው "ማናት?" ሲል አስተውዬዋለሁ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፍስሷል። ብሌኑም ላይ ነጭ ነገር ይታየኛል። ይህን ለብቻው ወስዶ፣ ቀስ አድርጎ የሚነግር ልጅ አለ። እኔ ያ ልጅ አይደለሁም። ሰዉ ሁሉ ሥጋውንና ዳጣውን ከቦ እንደተቀመጠ፣

"አባ፣ በሬውን እኮ አላየኸውም" አልኩት። "ዓይንህ ሞራ አውጥቷል። ሰንጋውን ተወውና ዓይንህን እናስመርምር።"

አባቴ የያዘውን ቁራጭ ሥጋ መልሶ አስቀመጠ።

"ታውረሃል ነው የምትይኝ?" አለ አባቴ።

"ገና ነህ። ከቆየህ ግን ትታወራለህ።"

እንግዲህ ማጽናናቴ ነው።

ማቲ ብድግ ብሎ ትከሻውን አቀፈው። "የአባዬ ዓይን የንስር ዓይን ነው! ያታለለን ሻጩ ነው" አለ። የአባቴ ፊት በራ። ንስሩ እንዴት ሊታለል ቻለ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጋሽ አምባቸው በክርናቸው ጎሰሙኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወደ ቤሌ ከተመለስኩ በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ማቲ አባቴን "ሳምራ እንዲያ ያለችህ በሰው ፊት ምስክር እንዲሆንላት ነው። አያይም፣ አይችልም አስብላ ቤቱን በእጇ ልታደርግ ነው" አለው። አባቴ አመነ። ግማሹን ከራሴ አፍ ሰምቶታል፣ ለምን አያምን! በንዴት ቤቱን ከነግቢው ለማቲ በስጦታ አዛወረለት። ጋሽ አምባቸው "ኤርካሎ፣ እስቲ በጋው እስኪወጣ እንኳ አቆየው" ቢሉት፣ "ንስር አይዘገይም" አላቸው።

ለእኔም ደወለልኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ያለኝ ልጅ ማቲ ብቻ ነው" አለ።

ስንት የሚባል ነገር ነበረ። እኔ ያልኩት "እሺ። ክኒንህን ግን እንዳትረሳ" ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ተረኛ ነበርኩና በበሽተኞቹ መሃል ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ግሉኮስ የተሰካላት አንዲት እናት ከነግሉኮሷ ተነስታ አባበለችኝ።

ማቲ በመጀመሪያ "ቤቱ እስኪታደስ ነው" ብሎ አባቴን ሰርቪስ ክፍል አስገባው። ቤቱ ታደሰና ፔንሲዮን ሆነ። ቀጥሎ የአባቴ የንጋት ጸሎት እንግዶቹን ረበሸ፤ አባቴ ሲጸልይ እግዚአብሔር ማዶ አረካ ከተማ ላይ ያለ ይመስል ይጮኻል። በመጨረሻ "አባዬ፣ ለጉልበትህ ሙቀት ይሻልሃል" ተብሎ ቆላው ሁምቦ ወደምትኖረው እህቱ፣ ወደ አክስቴ አስናቀች ቤት ተላከ። ማቲ ራሱ አልሸኘውም፤ ሥራ በዝቶበት።

እኔስ? እኔ አኩርፌ ተቀምጫለሁ። እሱ ካልደወለ አልደውልም ብያለሁ። ከአባቴ የወረስኩት ቤት ባይሆንም ይህን ወርሻለሁ። በመጨረሻ የደወለችው አክስቴ ናት።

"ልጄ፣ ነይ" አለችኝ። "ዛሬ ጠዋት አባትሽ ፍየሏን 'ማቲ፣ መጣህ?' አላት።"

በማግስቱ ሁምቦ ገባሁ። አባቴ ደጅ ላይ፣ ጥላው የሸሸው ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። "ማነው?" አለ። እጁን ያዝኩት። እጄን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

"መድኃኒት ይሸታል። ሳምራ ነሽ።"

"ነኝ።"

"ልትስቂብኝ መጣሽ?"

"ለመሳቅማ ቤሌ ሆኜም እስቅ ነበር። ዓይንህን ላሳክም ነው።"

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ዕድሜ ልኬን የበሬ ሞራ ሳገላብጥ ኖሬ፣ የራሴ ዓይን ላይ ሲወጣ አላየሁትም!" አለ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። አክስቴ ወተት ይዛ ብቅ ስትል፣ "አቧራ ነው" አላት።

ሶዶ ወስጄ ዓይኑን አሠራሁት። ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትክ ብሎ አየኝና፣

"አርጅተሻል" አለ።

አፌን ከማን እንዳመጣሁት ያን ቀን ገባኝ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ባጃጁን በአሮጌው ቤታችን በኩል አስዞረው። አጥሩ ተነስቶ ግንብ ሆኗል፤ እናቴ የተከለችው እንሰት ጠፍቶ መኪና ማቆሚያ ተሠርቶበታል። ዘበኛው መጣና "አባት፣ አልጋ ነው የፈለጋችሁት?" አለ። ይሄኔ ማቲ በረንዳው ላይ ነበር። ወደ እኛ አየ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

"አይ፣ ቤት ተሳስተን ነው" አለው አባቴ ለዘበኛው። ባጃጁ ሲነሳ ቀስ ብሎ፣ "አየሽው?" አለኝ።

"አየሁት።"

"እኔም አየሁት።"

ጋሽ አምባቸው እንዲከስ ወተወቱት። "ዳኛውን ምን ልበለው?" አላቸው። "ዓይኔ እያየ ሰጠሁ ብል ይስቅብኛል፤ አላይም ነበር ብል ሳምራ ልክ ነበረች ማለት ነው።" ሁለተኛው የባሰበት መሰለኝ።

አሁን ቤሌ ከእኔ ጋር ይኖራል። ከመጣ ትንሽ ቆይቶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ሳይነግረኝ ጠርቶ ለእርቅ አስቀመጠን። አንገቱን ደፍቶ፣ "ልጄን በሰው ወሬ ከድቻታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። መባል ያለበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ማቲ ቢሆን በዜማ ይለው ነበር።

"ገና አልቻልኩም" አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ደነገጡ። "ምነው ልጄ፣ አባት እኮ ናቸው" ብለው ጀመሩ።

"ተዉአት" አለ አባቴ። "ስትችል ትናገራለች። ሳትችል ካለችው ምን ያደርግልኛል?"

ሽማግሌዎቹ እርቁ ሳይፈጸም ምሳቸውን በልተው ሄዱ። እኔ ሳህን ሳጥብ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያደርቅ ጀመር። አንዱን ሳህን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጎ አየና መልሶ ሰጠኝ።

"አልጠራም" አለ።

ተቀብዬ ደግሜ አጠብኩት።