የማዳም ባል የሳንቲም መዘርዘሪያ

ጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ በሠራተኝነት ተቀጥሬ በምኖርበት ቤት ዕቃ ክፍሉን ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ምንጣፍ ሥር አንድ ከባድ የነሐስ ዕቃ አገኘሁ። አራት ቱቦዎች ቆመውበታል፤ በየቱቦው ግርጌ ቁልፍ አለው። ሳንቲም ከላይ ይሞላና ቁልፉ ሲጫን ከሥር አንድ አንድ ይጥላል፤ የድሮ ሰው መልስ የሚሰጥበት ነው። እኔ ደግሞ የጠቆረ ነሐስ ካየሁ እጄ አያርፍም። በሎሚና በአመድ ፈትጌ ፈትጌ አብለጨለጭኩትና፣ ምርቃቴን ልቀበል ወደ አሠሪዬ ወደ ማዳም ይዤው ሄድኩ።

ማዳም ገልብጠው ሥሩን አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ጽሑፉን የት አደረስሽው?» አሉኝ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም።

«የምን ጽሑፍ?»

«ወላሂ ገደልሽኝ!»

ሥሩ ላይ የደበዘዘ ነጭ ጽሑፍ ነበር ለካ። አንድ ቀን የሚያነብልኝ ዐዋቂ አገኛለሁ ብለው ነበር ያስቀመጡት። ሟች ባላቸው ወደ ታጁራ የሚሻገረው ጀልባ ቲኬት ሻጭ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ይህ ዕቃ ቤታቸው ታየ። የባላቸው ታናሽ ወንድም ሰው በተሰበሰበበት «ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቆት ነው» አላቸው። እሳቸው «ድሬዳዋ ገዝቼው ነው» ቢሉም ደረሰኝ አልነበራቸውም። ሌባ እንደተባሉ ሞቱ። እኔ ገልቱዋ ደግሞ የቀረችውን ማስረጃ በአመድ ፈትጌ አጠፋሁ። ሁለት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ።

በሦስተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ የተረፈኝን ሃያ ፍራንክ አንዱ ቱቦ ውስጥ ከተትኩት። ተቀረቀረ። በማንኪያ እጀታ ስታገል ቆይቼ አወጣሁትና ሌሎቹንም ፍራንኮች ሞከርኩ፤ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ጭራሽ አይገባም። የጀልባ ቲኬት የሚሸጠው በፍራንክ ነው። ፍራንክ የማይቀበል ዕቃ እዚያ መስኮት ላይ ምን ሊሠራ?

የሰፈሬ ልጅ የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የእኛን አገር ሳንቲም እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። «ደሞዝሽ በሳንቲም ሆነ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን እፍኝ ሙሉ አመጣልኝ። አስር ሳንቲሙ ሰተት ብሎ ገባ። ቁልፉን ስጫነው ቀጭ አለና አንድ ብቻ ጣለ። በር ላይ ቆሜ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል አላልኩም።

ሹፌሩ ዕቃውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ድሬዳዋ ለሚያገኛቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ሲያሳይ ከረመ። በሦስተኛው ምልልሱ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እህቴ!» አለኝ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። ቀድሞ ሲኒማ ቤት ቲኬት ይቆርጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ዕቃውን አይተው በእጃቸው እንደሠሩበት ነግረውታል። የት አገር እንደተሠራ አያውቁም። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ግን ዕቃው ሁሉ ተሸጦ፣ ይህን አንድ የጅቡቲ ሰው ገዝቶታል። «ሚስቴ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ደስ ይላታል» ብሎ ነበር አሉ።

እየሮጥኩ ገብቼ ለማዳም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ዕቃውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ።

«እንግዲህ ወንድማቸው ምን ይበል?» አልኩ።

«ወንድሙን ተዪው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔም አላመንኩትም ነበር።»

አብሬያቸው አለቀስኩ።

ዓርብ ዕለት መቃብሩ ጋ ወሰድኳቸው። ሰው ይሰማኛል ሳይሉ ጮክ ብለው ባላቸውን ይቅርታ ጠየቁ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊታቸው ፈክቶ፣ ከጎናቸው ወደተቀመጠች ወደማያውቋት ሴት ዞረው ወሬ ጀመሩ።

«ባሌ ከድሬዳዋ ስጦታ አምጥቶልኝ ነበር» አሏት።