ቁልፉ ሁሉ በአንድ ኪስ

ኃላፊያችሁ ለአንድ ቀን ዞር ሲሉ ሥራው ሁሉ ቀጥ ብሎ፣ «አያችሁ፣ እሳቸው ከሌሉ እኮ ምንም የለም!» ብላችሁ ያደነቃችሁበት ጊዜ አለ? እኔ አድንቄያለሁ። ከአሶሳ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ማስተማር ስጀምር፣ ስለ መሪነት የማስረዳው ርእሰ መምህራችንን እያሰብኩ ነበር። ጠመኔ የሚያድሉት እሳቸው፣ ደወል የሚያስደውሉት እሳቸው፣ የየክፍሉም የቢሮውም ቁልፍ በእሳቸው ኪስ። «ጥሩ መሪ ማለት ያለ እሱ ሥራ የማይንቀሳቀስ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስምሬበታለሁ።

የስምንተኛ ክፍል የሞዴል ፈተና ቀን ግን ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ከሄዱበት ከባምባሲ ሳይመለሱ ነጋ። ሲዘንብ አድሮ፣ ጭቃ የያዘው የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶታል አሉ፤ ስልካቸውም አይሠራም። የፈተናው ወረቀት እሳቸው የቆለፉት ቢሮ ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ብዙዎቹ ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ናቸው፤ ከሰዓት ከዘነበ ወንዙ ስለሚሞላ፣ ቶሎ ካልጀመሩ ሳይፈተኑ መመለሳቸው ነው።

በረንዳው ላይ እመላለሳለሁ። በሩን ገፋ አደርጋለሁ፣ ስልክ እሞክራለሁ፣ ደመናውን አያለሁ።

«ኧረ ቁጭ በል፤ ሲሚንቶውን ጨረስከው!» አለችኝ የሒሳብ መምህሯ።

«ሰብረን እንግባ?»

«እሳቸው ሳይፈቅዱ? እኔ የለሁበትም፤ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

ሌሎቹም መምህራን ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ጥበቃው፣ አማርኛ ብዙም ወደማይቀናቸው የበርታ ሽማግሌ ሄድኩ። መምህርን ሁሉ «ኡስታዝ» ነው የሚሉት።

«አባባ፣ መዶሻ አለ?»

«መዶሻ አለ። ግን እኔ አይሰብርም፣ ኡስታዝ። አንተ ይሰብራል፣ እኔ ያያል። ሲጠይቁኝ፣ ‹ኡስታዝ ነው› ይላል» ብለው ሳቁ።

ይህን ጊዜ አንዲት ተማሪ ከመሃል ድምጿን ከፍ አደረገች። «መምህር፣ ጥሩ መሪ ማለት ያለ እሱ ሥራ የማይንቀሳቀስ ነው ብለው አልነበር? ይኸው፣ አልተንቀሳቀስንም!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። መዶሻውን ተቀብዬ ጓጉንቸሩን ሰበርኩት።

«ከተሰበረ አይቀር» ብላ የሒሳብ መምህሯ ቀድማኝ ገባች፤ ወረቀቱንም ማደል ጀመረች።

የማዶዎቹ ልጆች ጨርሰው ሲወጡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጭቃ በጭቃ ሆነው የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። የተሰበረውን ጓጉንቸር አዩት።

«ተፈተኑ?»

«ተፈትነዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እፎይ አሉ። ወዲያው ደግሞ ቅር አላቸው። «ለመሆኑ ትንሽ አትጠብቁኝም ነበር?»

እኚህ ሰው ትጉህ ናቸው፤ ይህን አልክድም። ትጋታቸው ግን እኛን ካልተፈቀደልን በር ላይ ቆመን የምንቀር ሰዎች አድርጎን ነበር፤ እኔም ይህንኑ ጥሩ መሪነት ብዬ አስተምሬዋለሁ። አሁን የትምህርት ክፍሌ ተጠሪ ነኝ። በቅርቡ የመጻሕፍት ሳጥኑን ቁልፍ ለባልደረባዬ ሰጥቼ አሶሳ ዋልኩ። ማንም አልደወለልኝም፤ እኔንም ቅር አለኝ።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ከያዛችሁት ቁልፍ አንዱን ለሌላ ሰው ስጡና አንድ ቀን ራቅ ብላችሁ ዋሉ። ስልካችሁን ደጋግማችሁ ማየታችሁ አይቀርም፤ ብቻ እባካችሁ፣ ቀድማችሁ አትደውሉ።