አልነሳ ያለው ወንበር

ታቢታ አጭር ናት። አጭር ስላችሁ ደግሞ ለማለት ያህል አይደለም፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግምጃ ቤት ስትሠራ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርድላት ሰው ሳትጠራ የዋለችበት ቀን አልነበረም። ይህን ፊት ለፊቷ የሚናገር ሰው ግን ሐዋሳ ውስጥ አልተገኘም። ምላሷን ማን ይችለዋል? ባሏ ደረሰ ብቻ ነበር የሚደፍራት፤ እሱም "ከቁመትሽ ቀንሶ ለምላስሽ ጨመረልሽ" ይልና ቶሎ ብሎ ወደ ደጅ ይወጣል።

ስለዚህ ደረሰ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ገዝቶ ሲያመጣ፣ የታቢታን ልብ የወሰደው ሞተሯም ቀለሟም አልነበረም። ወንበሯ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ጎን ያለችውን ማብሪያ ሲነኳት ወንበሩ እዝዝዝ እያለ ወደ ፊት ይጠጋል፣ ደግሞም ከፍ ይላል። ደረሰ አስቀምጧት ማብሪያዋን ሲጫናት፣ ታቢታ ከመሪው በላይ መንገዱ ወለል ብሎ ታያት። "ይኸው፣ አሁን ገና ሰው አከልሽ" አላት። በዚያው ወንበር ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ መንዳት ተማረች። የሳቀባት ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

ደረሰ ሲሞት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ቆማ ቀረች። ታቢታም አብራት ቆመች ብል ውሸት አይሆንም። ጡረታ ወጥታለች፣ አንድ ልጇ ኤልናታን ኑሮው አዲስ አበባ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሲበተን መጋረጃዋን አወረደች። ስልክ አታነሳም፤ ከቸርችም ቀረች። አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ።

ከዕለታት አንድ ቀን የሰፈሯ ሰው እማማ ብርሃኔ ሁለት ባልንጀሮቻቸውን፣ እማማ ዘነበችንና እማማ በቀለችን፣ አስከትለው በሯን አንኳኩ። "ልጄ፣ ጉልበታችን አለቀ" አሉ እማማ ብርሃኔ። "ባጃጅ ሲያንገጫግጨን አጥንታችን ይላቀቃል። እሑድ እሑድ ቸርች ብታደርሺን ምን አለበት?" እማማ ዘነበች ደግሞ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያቃስታሉ። ታቢታ ያደገችበት ቤት፣ ለምኖ የመጣ አሮጊት እምቢ አይባልበትም። ባትሪ አስሞላች፣ ጎማ አስነፋች፣ እሑድ ከግቢዋ ወጣች።

አንዴ ወጣች ማለት ወጣች ነው። ቸርች ብቻ መሰላችሁ? ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ዕለት ጉዱማሌ አደባባይ፤ ሦስቱ አሮጊቶች ከኋላ ተጣበው፣ በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ እያሉ ሲጨቃጨቁ ከተማውን አዳረሱት። ታቢታ በመስታወቱ እያየቻቸው፣ "እኔ ባልኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?" ትላለች። "እውነትሽን ነው፣ ልጄ" ይላሉ ሦስቱም። እንዲህ ሲባል ደስ ይላታል፤ ምን ይደበቃል።

በቅርቡ ደግሞ ለሾፌሩ ወንበር ልብስ አሰፍተው አመጡላት። ቡናማ ነው፤ ዳርና ዳሩ በሲዳማ ጥለት የተዘመዘመ። ልብሱን ከላይ አልብሰው፣ ከወንበሩ ሥር ራሳቸው አስረውላት ሄዱ። ታቢታ ስትቀመጥበት ጀርባዋ ድረስ ሞቃት።

ከዚያ ኤልናታን ሊጠይቃት መጣ። ልጁ እንደ አባቱ ዘንካታ ነው። ለጉዳዩ መኪናዋን ሲወስድ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው፣ ዝቅም አደረገው። ሲመለስ ታቢታ ማብሪያዋን ብትጫን ወንበሩ "እዝ" ብሎ ዝም አለ። ደግማ ብትጫን፣ ያው።

"እማዬ፣ ቃልሽ ትዝ ይልሻል?" አላት ኤልናታን።

እንዴት ይረሳታል? ባለፈው ፍሬኗ ሲሠራ ወጪውን የከፈለው እሱ ነው፤ "ደግማ ከተበላሸች ትሸጣለች" ያለችው ግን ራሷ ናት። ልጁ ክፋት የለበትም፣ በዚህ ዕድሜዋ መንገድ ላይ እንዳትቀርበት ፈርቶ ነው። ገዢ አግኝቷል፤ ሰውየው ሰኞ መጥቶ ያያታል። ይህን ነግሯት ተሳፈረ።

ቅዳሜ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው አብዱልሃሚድ መጣላት። ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ማብሪያዋን ፈትቶ አጸዳት፣ እሷም ደህና ናት። ከዚያ ጆሮውን ወደ ወንበሩ አስጠግቶ "ይጫኑልኝማ፣ እናቴ" አላት። ተጫነች። "ሞተሩ ይሠራል። የሆነ ነገር ይዞታል" አለ። "ወንበሩ መነቀል አለበት፣ ብሎኑ ግን ዝጓል። ሰኞ ሰው ይዤ ልምጣ። ወንበሩን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ተበልቶ ከሆነ ግን አልዋሽዎትም፣ የዚች መኪና ዕቃ አይገኝም።"

እሱ ሲሄድ ታቢታ ሁለት ትራስ ደርባ ሞከረችው። ፍሬኑን በእግሯ አውራ ጣት ጫፍ ብቻ ነው የምትደርስበት፤ መንገዱም የሚታያት በመሪው ቀዳዳ ነው። ገና ከመነሳቷ የግቢውን በር ልትገጨው ለትንሽ ሳተችው። ወርዳ አቮካዶው ሥር ተቀመጠች። መኪናዋ ከሄደች እሑድም አብሮ ሊሄድ ነው። ያንን መጋረጃ አሰበችው። የምር ፈራች።

እሑድ ጠዋት እማማ ብርሃኔ ዘንድ ደወለች። "እማማ፣ ዛሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንበሩ አልነሳ ብሎኛል። በእኔ ምክንያት ከቸርች ቀራችሁ" አለቻቸው። እማማ ብርሃኔም "እሺ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ብዙም ሳይቆይ ደጇ ላይ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። ታቢታ በሩን ብትከፍት ምን ብታይ ጥሩ ነው? ሦስቱ አሮጊቶች ናቸው፤ ባጃጁ በወጉ ሳይቆም፣ እማማ ዘነበች እንደ ኮረዳ ዱብ አሉ።

"ጉልበትዎስ?" አለች ታቢታ።

እማማ ዘነበች አሁን ገና ትዝ ብሏቸው ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉ። እማማ በቀለች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ።

"ተዪው በቃ፣ ዘነበች" አሉ እማማ ብርሃኔ። "ስሚ፣ ታቢታ። ጉልበታችን አያመንም አልልሽም። ለባጃጅ ግን አላነሰንም። ደረሰ ሲሞት ስንቴ መጥተን በርሽን አንኳኩተን ተመለስን? ውጪ ብንልሽ አትሰሚም። አንቺ ደግሞ ለራስሽ ብለሽ ከተቀመጥሽበት የምትነሺ ሰው አይደለሽም፤ ለሰው ከሆነ ግን ትነሻለሽ። እንግዲያው እኛ እንታመም ተባባልን። ዘነበች ጉልበቷን አዋጣች።"

ታቢታ እነዚያን ሁሉ እሑዶች አሰበቻቸው። የእማማ ብርሃኔን እጅ ይዛ ሳመችው፤ አለቀሰችም። ደረሰ ከሞተ ወዲህ ደስ ብሏት ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ለቅሶው ይቆየን። ወንበሩን አሳዪን" አሉ እማማ ብርሃኔ።

"የሆነ ነገር ይዞታል ነው ያለኝ ሠራተኛው።"

እማማ ብርሃኔ ከኋላ ገብተው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ከወንበሩ ሥር ሰደዱ። ሲዳብሱ ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ፣ ፊታቸውም ተለወጠ።

"ቢላዋ አምጪልኝ" አሉ ቀስ ብለው። "የኔ ቋጠሮ ነው።"

የገበያ ላስቲክ አላምንም ብለው፣ ራሳቸው የገመዱትን የእንሰት ቃጫ አምጥተው ነበር ልብሱን ያሰሩበት። ወንበሩ ያኔ የታቢታ ቦታ ላይ ነበር፤ ኤልናታን ወደ ኋላ ሲገፋው ገመዱ ሥር ካለው ብረት ላይ ተጠምጥሞ አነቀው። ቃጫ ደግሞ በሬ የሚይዝ ነገር ነው፣ አይበጠስም። እማማ ብርሃኔ እየቆረጡ፣ እየመዘዙ፣ "እኔን ይቁረጠኝ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩብሽ" ይላሉ።

"ኧረ እርስዎን አይንካብኝ" አለች ታቢታ።

የመጨረሻው ቁራጭ ሲወጣ ገብታ ተቀመጠችና ማብሪያዋን ተጫነች። እዝዝዝ አለ። ወንበሩ ወደ ፊት ተጠጋ፣ ደግሞም ከፍ፣ ከፍ አለ፤ ከመሪው በላይ በሩ፣ ከበሩ ወዲያ መንገዱ ታያት። ደረሰ ያኔ እንዳላት፣ አሁንም ሰው አከለች። "ተመስገን" አለች፣ ከልቧ።

ከመነሳታቸው በፊት ኤልናታን ዘንድ ደወለች። "ያ ሰውዬ ሰኞ እንዳይለፋ ንገረው። የሚሸጥ መኪና የለኝም" አለችው። ምን እንደተገኘ ሲጠይቃት፣ "ስትመጣ እነ እማማ ይነግሩሃል" አለችና ዘጋችው።

ባህል አዳራሽ ጋ ሲደርሱ ከኋላ የመስኮቱ ጭቅጭቅ ተጀመረ። ታቢታ በመስታወቱ ሦስቱንም አየቻቸው፣ እንደ ልማዷም አፏን ከፈተች።

"እኔ ባልኖር..." ብላ ቆመች። ቀጥላም፣ "እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለች።

"እውነትሽን ነው፣ ልጄ" አሉ እማማ ዘነበች፣ ጉልበታቸውን እያሹ።